ያልሄድኩበት የሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ

ለእህቴ ለኦድሪ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርሻል? ባልሽስ ፊሊፕ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እናንተ ዘንድ በታዝማኒያ በጋው ሊገባ ነው፤ እዚህ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨለማ ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም፤ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ እንዳታስቀምጪው እለምንሻለሁ።

ወንድማችን ክሊፈርድ የሞተ ዕለት በስልክ፣ ሾፌሩ ስላስወረደኝ ነው ሆስፒታል ያልደረስኩት ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አንቺም አምነሽኝ በንዴት ለአውቶቡስ ድርጅቱ የክስ ደብዳቤ ጻፍሽ። በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ሾፌሩ ኪት ከሥራ ታግዷል። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እንጀራውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ታውቂያለሽ፣ ክሊፈርድ ዓይኑ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የእሱ ነፃ የአውቶቡስ ካርድ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፤ አንድ ደጋፊም በነፃ ያሳፍራል። የእኔ የአረጋውያን ካርድ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ዋጋ የለውም። እኔ ግን ክንዱን ይዤ ስለምገባ የራሴን ካርድ ከቦርሳ አውጥቼው አላውቅም። የሰፈሩ አሮጊቶች ከፌርማታው ግንብ ሥር ተደርድረው ሦስት ተኩልን ሲጠብቁ፣ እኛ በሁለት ሰዓት ሄደን ጉዳያችንን ጨርሰን እንመለስ ነበር። ጎረቤቴ ቴልማ፣ «እናንተማ ሹሞች ናችሁ፣ ማን ይችላችኋል» ትለን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅሽም። ውሎ አድሮ መብቱ የእኔ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ ደውላ፣ «ወንድምዎ ትንሽ ደከም ብለዋል፤ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ። እዚህ አገር ነርስ እንዲህ ካለች ጫማ ሳያስሩ መሮጥ ነው። ይህ አልጠፋኝም። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አውቶቡሱ መጣ፤ ካርዴን ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ ቀይ አበራ።

ኪት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ ኤድና፣ ክሊፈርድ አብሮዎት ከሌለ የእርስዎ ሰዓት ገና ነው። ሦስት ፓውንድ ነው የሚሆነው» አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አሥር ፓውንድ ነበረኝ። ነገር ግን ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ስሳፈር ኖሬ ዛሬ ባዕድ ሆንኩብህ ወይ አልኩት። እሱም ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ይሁን ግድ የለም፣ እኔ ልክፈልልዎት።»

«ምጽዋት ለምኜሃለሁ?» አልኩትና ወረድኩ። ማንም አላስወረደኝም፣ ኦድሪ። በገዛ እግሬ ነው የወረድኩት። ከከፈልኩ ክሊፈርድ ከእንግዲህ አጠገቤ እንደማይቆም ያመንኩ መሰለኝ ልልሽ ነበር፤ እሱን እንኳ ያሰብኩት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የነበረብኝ እልህ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። ከግንቡ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ክሊፈርድ ያረፈው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ድርጅቱ ቢሮ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ኃላፊዋ ሁሉን ጽፋ ከያዘች በኋላ፣ ከሳሿ አንቺ ስለሆንሽ ክሱን በጽሑፍ ማንሳት ያለብሽ አንቺ ነሽ አለችኝ። ስወጣ ኪት ለዚሁ ጉዳይ ተጠርቶ በር ላይ ቆሟል። ይቅርታ ልለምነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ፣ እጅዎን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ልመልስዎት ይገባኝ ነበር እማማ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው» አለኝ።

በሐሰት የጫንኩበትን እሱ የእውነት ተሸክሞታል። እጁን ያዝኩት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። እህቴ ዋሽታኝ ነው በያቸው፤ ለእኔ ብለሽ አታለሳልሺው። ተቆጪኝ፣ ተቀየሚኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ለእነሱ ጻፊ።

ፊሊፕን እንደምን ነህ በይልኝ። ልጅሽን ጂሊያንን ከነልጆቿ ሳሚልኝ፤ ትንሹ ሩፐርት የላከው ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ነው። ቴልማ ሰላም ብላሻለች፤ እሷም እስካሁን የምታውቀው ውሸቱን ነው፤ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ከክሊፈርድ ግን የማደርስሽ ቃል የለኝም። ለኦድሪ የምልከው መልእክት አለኝ ብሎ ነበር አሉ፤ ነርሷ ልጻፍልዎት ብትለው፣ «አይ፣ ኤድና እየመጣች ነው፤ ለእሷ እነግራታለሁ» አላት።

እህትሽ ኤድና

ኢዚንግተን፣ ደርሃም
ኖቬምበር 13 ቀን 2025