ዝም ያለ ሰው ያኮረፈ ነው

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ቢሮ በጊዜ ገባሁ። የሻይ ማሽኑ ዛሬም ተበላሽቷል። ጠረጴዛዬ ላይ የአርብ የብርቱካን ልጣጭ... አላነሳሁትም ለካ።

ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። በሌለበት «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው። «የእናንተስ ቋንቋ ደረሰ?» ዳቦ ነው እንዴ የሚደርስ? አላልኩትም። «እየደረሰ ነው» አልኩ።

በሽተኛ ስልክ ይደውላል፣ ማሽን በገዛ ቋንቋው ስለ መድኃኒቱ ያስረዳዋል። ሥራችን ይሄ ነው። ትልልቆቹ ቋንቋዎች አልቀዋል። የቀረው የእናቴ ቋንቋ ነው። ሁለት ዓመት ዞሬ በቀዳሁት ድምፅ ማሽኑን አስተምረውታል። አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት «ትክክል ነው» ብሎ የሚፈርመው የቋንቋ ባለሙያ ነው። እኔ ማለት ነው። ሌላ ማን አለና!

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ደሜ ፈልቷል። በሥርዓት ልጻፈው።

በእኛ ቋንቋ ዝም ብሎ ማዳመጥ የለም። አንዱ ሲያወራ ሌላው «እህ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «ከዚያስ» ይላል፣ በወሬው መሀል። ዝም ካለ አኩርፏል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰዎቼን ሁለት ሁለት አድርጌ የቀዳኋቸው። እህትማማቾች፣ ጎረቤታሞች፣ አንድ አማትና ምራት... ያውም የተኳረፉ።

ድምፅ የሚያጠሩት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የአዳማጩን ድምፅ በሙሉ «ጫጫታ» ብለው ጠረጉት! ማሽኑ የተማረው ብቻውን ከሚለፈልፍ ሰው ነው።

ማሽኑን የሚያስተምረውን መሐንዲስ ሄጄ ያዝኩት። ቃል ስለማይወጣው «ዝምታ» እንለዋለን።
«ማነው ያስጠረገው?»
«መመሪያው... ለሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።»
«ዋናው ቅጂስ?»
«አለ።»
ተመስገን።

አርብ፣ ኅዳር 7
ቶሎ ቶሎ ዘንድ ገባሁ። «ጥቃቅኑ በኋላ ይስተካከላል። ፈርሚና እንጀምር።» በኋላ መቼ ነው? «በኋላ ነዋ!» አልፈርምም አልኩት። «ሁለት ዓመት የለፋሽበትን ራስሽ ልታስቀሪው?» ቢሆንም አልፈርምም። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ሲባል ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ።

በቃል አይገባውም። በጆሮው ይስማ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
አክስቴን ቢሮ አመጣኋት። የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ሰጠናት። ቶሎ ቶሎም ተቀመጠ።

ማሽኑ፣ «ክኒኑን ጠዋት...»
አክስቴ፣ «እህ!»
ማሽኑ ቀጥ አለ። ሰው ሲናገር እንዲቆም ነው የተሠራው። ትንሽ ቆይቶ «ክኒኑን ጠዋት...» «እህ፣ ጠዋት!» ቀጥ። አሁንም እንደዚያው።

«ምን አደረግኩት?» አለችኝ። «አኮረፈኝ እኮ!» ይቅርታ ጠየቀችው፣ ማሽኑን! መልስ ስታጣ ስልኩን አስቀመጠች። «የተቀየመኝ ሰው ያዘዘውን መድኃኒት አልውጥም።»

አብረውን የተቀመጡት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አልውጥም ካለች አትውጥም፣ አውቃታለሁ።

«ዝም ብለው ያዳምጡ ብንላቸውስ?» አለ ቶሎ ቶሎ።
«ሰባ ዓመት ያወራችበትን ለማሽን ብላ ትተው? እሱ ይማር እንጂ!» ጮህኩ መሰለኝ። እሰይ ጮህኩ።

አርብ፣ ኅዳር 14
የስልክ መስመሩ ያለ እኛ ቋንቋ ተጀመረ። የአጎቴ ልጅ ደወለ። «አንቺ ነሽ አሉ ያስቀረሽብን።» «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ከዘጋሁት በኋላ አለቀስኩ። ልክ ነኝ ወይ? ልክ ነኝ። ካለቀስኩም በኋላ ልክ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24
ዝምታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተገተረ።
«ዋናውን ቅጂ... ሳይጠረግ ላስተምረው?»
«ተፈቅዶልሃል?»
«አልተፈቀደልኝም።»
ከተዋወቅን ጀምሮ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም። ዛሬውኑ ጀመርን። የትኛው ድምፅ ወሬ ለመንጠቅ ነው፣ የትኛው «አለሁ፣ ቀጥል» ለማለት? አንድ በአንድ ምልክት አደርጋለሁ። ጆሮዬ ደነዘዘ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8
የአማትና የምራቷ ቅጂ ላይ ደረስኩ። ምራት ታወራለች፣ አማት ጭጭ። ከዚያ ምራት ገደል ስለ ገባች ላም ስታወራ አማት ኩርፊያዋን ረስታ «ወይ ጉድ!» አለች። በቃ፣ ታረቁ! ሲታረቁ እዚያው ነበርኩ፣ ግን ዛሬ ነው በደንብ የሰማሁት። ይህን ነው ጫጫታ ያሉት። ጫጫታ ይበላቸው!

ቶሎ ቶሎ ነቅቶብናል። «ማነው የፈቀደው?» አለ። «እኔ» አልኩ። ከኋላዬ ዝምታም «እኔ» አለ። ሁለታችንንም ገላመጠንና ሄደ። ከተባረርንም ያው ነው... እስክንባረር እንሠራለን።

ሰኞ፣ ጥር 6
አላባረረንም። «እስቲ አሳዩኝ» አለ።

አክስቴን ለምኜ ነው ያመጣኋት። «ያ ኩርፊያም ሰውዬ አሁንም አለ?» እያለች ገባች።

«ክኒኑን ጠዋት...»
«እህ!»
«...ከምግብ በኋላ ይውሰዱ...»
«ከምግብ በኋላ፣ ይሁን!»
«...አንድ ፍሬ ብቻ።»
አልቆመም! ዝምታ «እሰይ!» አለ፣ ድምፅ አውጥቶ።

አክስቴ ግን ገና መጀመሯ ነው። «ጉልበቴንም ያመኛል።»
ማሽኑ፣ «እህ...»
«ደረጃ ስወጣማ አይጣል ነው።»
«ወይ ጉድ!»
ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ በሹክሹክታ፣ «የማን ልጅ ነው?»

ቶሎ ቶሎ ወረቀቱንና ስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። አክስቴ እጇን አንስታ አስቆመችው። «ቆይ ልጄ፣ አልጨረስንም።»

ቁጭ ብለን ጠበቅናት። ቶሎ ቶሎ እንኳ ጠበቀ። ስትጨርስ ፈረምኩ።