አሥር ሜትር ኮሪደር ለሙጂባ

ለተከበሩ አቶ አምባዬ፤
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠቅሰው የሰመራ መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እኛ በሐሩር ስንቀቀል አንዲት ቀን እንኳ ታሞ ለማያውቀው ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ አላህ የተሟላ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ ሱልጣና እባላለሁ፤ ከወሎ መጥቼ ሰርዶ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይና ምግብ እሸጣለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ መልስ እያገኘ ስላስቸገረኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት የስምንት ዓመቷ ልጄ ሙጂባ፣ እኔም አባቷም ሳናውቀው ያወረስናት፣ በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ የአንጎል ሕመም አለባት። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሟ ዶክተር ራኬብ እንዳስረዱኝ፣ የአንጎላችን ነጩ ክፍል ትእዛዝ ወደ እጅና እግር እንደሚያደርስ ሽቦ ነው፤ የሙጂባ ሽቦ ልባሱ እየተላጠ ነው። መድኃኒት ገና የለውም። ውጭ አገር ግን የመድኃኒት ሙከራ እየተሰናዳ ነው፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ እንዲታወቅ ደግሞ፣ ሕመሙ ያለ መድኃኒት እንዴት እንደሚጓዝ አስቀድሞ መለካት አለበት። ከሙጂባ የተፈለገው በየስድስት ወሩ ደልዳላና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ አሥር ሜትር ስትራመድ በስልክ መቀረጽ ብቻ ነበር። የእኔ ቤት ወለል ጠጠር ነው፣ ደጁ እሳት ነው። የእርስዎ ኮሪደር ግን ረጅም፣ የተስተካከለና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ እንዲፈቅዱልን ለመንኩ።

ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. «ኮሪደሩ ለመተላለፊያ እንጂ ለመራመጃ አልተፈቀደም» ብለው በማኅተም ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ሳይራመዱ እንዴት እንደሚተላለፉ ብዙ ባስብም አልደረስኩበትም።

፪. ሁለተኛውን ማመልከቻዬን «በጂቡቲ ኮሪደር ላይ ስለሚካሄድ ሙከራ» የሚል ርዕስ ሰጥተው የጭነት መኪና ወደሚቆጣጠር ክፍል ስለመሩልኝ ባለውለታዎ ነኝ። ከዚያ የመጣው መልስ የሙጂባን የሰሌዳ ቁጥርና የጭነት ልክ ይጠይቃል። ሰሌዳ የላትም፤ ክብደቷም ከአንድ ጆንያ ጨው ያንሳል።

፫. በአካል ስቀርብ «ለአንድ ሰው ብለን አሠራር አንቀይርም፤ ተደራጅታችሁ ኑ» ስላሉኝ እጅግ አከብርዎታለሁ። ትእዛዝዎን ለመፈጸም እስከ አፋምቦና እስከ መልካ ወረር ድረስ በሾፌሮች በኩል አስጠየቅሁ፤ ይህ ሕመም ያለበት ሌላ ልጅ አልተገኘም። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ማኅበር ማቋቋም እንዳልቻልኩ ትዝ ቢለኝ፣ እርስዎን ስላሳዘንኩ አዘንኩ።

ይህን ሁሉ ሻይ ሲጠጣ የሰማው ጥሩሰው የሚባል የተሳቢ ሾፌር ነው። «እትዬ ሱልጣና፣ የመሩዎት ወደ ጂቡቲ ኮሪደር አይደል? እኛ ታዲያ የቆምነው የት ነው?» አለኝ። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አስፋልቱ ገና ሳይግል፣ ተሳቢውን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቆመው። ከወዲያም ከወዲህም የመጡት መኪኖች ተሰለፉ። አንዱ ጡሩምባ ቢነፋ ሌሎቹ ወርደው ገሠጹት።

እኔ በስልኬ ስቀርጻት ሙጂባ መራመድ ጀመረች። ሾፌሮቹ «አይዞሽ የእኛ ጀግና!» እያሉ ቢያጨበጭቡላት ደስ ብሏት ፈጠነች፣ ተደነቃቀፈችና ጉልበቷ ተላጠ። ደውዬ ብነግራቸው ዶክተር ራኬብ፣ «ማንም አያበረታታት፤ የምንፈልገው የራሷን እርምጃ ነው» አሉ። ስለዚህ እንደገና ስትራመድ፣ ጢማቸው የረዘመ ትልልቅ ወንዶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ልክ መስጊድ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ዝም ብለው ቆሙ። እኔም ልጄ ስትወላከፍ «ቢስሚላህ» እንዳልል ሽርጤን ነክሼ ነበር። ጨረሰች። ዶክተሯ ቪዲዮውን አይተው ልኬቱ መመዝገቡን ነገሩኝ፤ ከኋላ የሚያለቅሱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን ጠየቁኝ።

፬. ረስቼው ነበር፤ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ «መሥሪያ ቤታችን ለሕክምና ምርምር የሚሆን ኮሪደር አመቻችቷል» የሚለውን አንብቤ፣ ለካ ሳላውቀው እርዳታ እንደተደረገልኝ ገብቶኛል።

የሚቀጥለው ልኬት ሐምሌ ላይ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ አስፋልቱ ጎህ ሳይቀድም እንኳ ይፋጃል። ዶክተር ራኬብ አልደበቁኝም፤ መድኃኒቱ ለሙጂባ ላይደርስ ይችላል። ሆኖም ከእሷ በኋላ ለሚመጣ፣ ስሙን ለማላውቀው ልጅ የእሷ እርምጃ መለኪያ ይሆናል። እኔ ግን እናት ነኝና ለሁለቱም እንዲደርስ ዱዓ አደርጋለሁ። ስለዚህ አሁንም አንድ እሑድ ጠዋት ኮሪደርዎን እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ።

ከወንበርዎ በታች፣ ከደጅዎ በላይ ባለው ቦታ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ሱልጣና፣ የሙጂባ እናት
ሰርዶ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው በዚህ ሲያልፉ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሻይ በመስኮት እንዳዘዙ ያስታውሳሉ። ሙጂባ አዝና «እማዬ፣ እሳቸውም መራመድ አይችሉም?» አለችኝ። የእርስዎ ሕመም የሚወረስ እንዳልሆነ፣ ብርቅም እንዳይደለ ነግሬ አጽናናኋት።