ለማን ደፍሮ ጌታ፦ ስለ ጤፊቱ ድንጋጤና የለችም ስለተባለችው ሰንሰለት

ቢቸና፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ሣህለ ማርያም፣
የላይ ሰፈር አጥቢያ ዳኛ፣ የማን ደፍሮ ጌታ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ክብርት ባለቤትዎን በሙሉ ጤና፣ ከብትዎን በሙሉ ጤና፣ የውሻዎን የማን ደፍሮንም ጥርስ አንድ ሳይጎድል በየቦታው እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት ሳይጠይቁ እንደማይውሉ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ፤ እኔም ባለቤቴም ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነችው ትንሿ ውሻችን ጤፊቱ ናት፤ የምጽፍልዎም ስለ እርሷ ነው።

እኔ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከችሎትዎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፈው፣ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ አመለክታለሁ» የሚለውን ቃል ለስንቱ ባላገር ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ለራሴ ልጽፈው ብነሣ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ ቆሜ ማመልከቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን ሳላሽግ ለሰው ሁሉ ግልጽ ያደረግሁትም በንቀት አይደለም። ባለፈው አሽጌ ያቀረብኩልዎ ማመልከቻ እስከ ዛሬ እንደ ታሸገ፣ ከጠረጴዛዎ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ስላየሁት፣ ይህኛውን እንኳ የመክፈቱን ድካም ልቀንስልዎ ብዬ ነው።

ጤፊቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቅ። ቁመቷ ከአንዲት ዶሮ እምብዛም አይበልጥም፤ መልኳ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ባለቤቴ ባንቺዓለም ከዓመታት በፊት ተስቦ ታማ ከተነሣች ወዲህ ጆሮዋ ተዘግቷል። ጤፊቱ ከቡችላነቷ ጀምሮ፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ ደጅ ሰው ሲጣራ ሮጣ የባንቺዓለምን የቀሚስ ጫፍ በጥርሷ ትይዝና ወደ በሩ ትጎትታታለች፤ ፍየል ከተሰጣ ብቅል ላይ ሲወጣ ትጎትታታለች፤ ወጥ ሲገነፍል ትጎትታታለች። እኔ ችሎት ደጅ ስውል በቤታችን ጆሮ ማለት ጤፊቱ ነበረች። ይህን ካወቁ የቀረው ምስጋና ብቻ ነውና በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ በወርኃ ጽጌ በአንዱ እሑድ ስላደረጉልን አቀባበል አመሰግናለሁ። ባንቺዓለም ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስትጠብቃት የቆየችው ጤፊቱም ተከትላት በደጅዎ ሲያልፉ፣ በርዎ እንደ ልማዱ ወለል ብሎ ነበርና ጥጃ የሚያክለው ማን ደፍሮ ወጣ። ባለቤቴ አልሰማችም፤ ጤፊቱ ሰማች። የምታውቀውን አንድ ሥራ ሠራች፤ የቀሚሱን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተች። ለቅቃ ብትሮጥ ታመልጥ ነበር፤ የአጥር ቀዳዳ ሁሉ የሚበቃት ናት። አልለቀቀችም። ማን ደፍሮ ወገቧን ነክሶ ከነቀሚሱ ቁራጭ ነጠቃትና እንደ አሮጌ ጆንያ ያራግፋት ጀመር። ክቡርነትዎ ከበረንዳው ላይ ሆነው ይመለከቱ ነበር፤ በኋላም «ተዋት» ብለው ለመጣራት ደግነትዎ አላነሰም፤ ብቻ መፋቂያው ከአፍዎ እስኪወጣ ጥቂት ዘገየ። ስለ እኛ ብለው መፋቂያ ያወጡበትን ውለታ አንረሳም።

ሁለተኛ፣ ስለ ችሎትዎ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ከሳሽ ሆኜ ስቀርብ የተከሳሹ ጌታ፣ ዳኛውና ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያየው ሰው አንድ ሆነው በመገኘታቸው ብዙ ወንበር አላስቸገርንም። የቆጠርኳቸው ምስክሮች ደግሞ በዚያች ሰዓት አንዱ ሰማይ ሰማዩን፣ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ የጠፋች በቅሎውን ሲያይ ነበርና ምንም አላዩም። ቁስሉ ቢድን እንኳ የውሻዪቱ ልብ ተሰብሯል ብል፣ «ውሻ ቆዳ እንጂ ልብ የለውም» አሉ፤ ችሎቱም በሕግ እንደሚገባው ሳቀ። ፍርዱም ባጭሩ ተነበበ፤ «ትንሿ ትታሰር። ማን ደፍሮ ሰንሰለት አያውቅም፤ በቤቴም ሰንሰለት የለም።» ከዚህም በላይ ጤፊቱ ዳግመኛ የማን ደፍሮን ጥርስ እንዳታስቸግር ዋስ ጥራ ተባልኩ፤ ጠራሁ።

ሦስተኛ፣ ልብ የለውም የተባለው ፍጡር ከአልጋ ሥር ገብቶ ምን እንደሚሆን እንድንመለከት ጊዜ ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ከወለጋ ተመድቦ የመጣው ድሬሰር፣ እግዜር ይስጠውና፣ ማንም ሳያየው በጓሮ ገብቶ ቁስሏን ሰፋላት፤ ቁስሉም ጠገገ። እርሷ ግን አልወጣችም። እህል የምትቀምሰው ቤቱ ጭር ሲል ነው። በር ሲንኳኳ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የባንቺዓለምን የቀሚስ ጫፍ ስታይ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የተነከሰችው እርሱን እንደ ያዘች ነውና። እንግዳ ከደጅ ተጣርቶ ተጣርቶ፣ ንቀውኝ ነው ብሎ ይመለሳል። ባንቺዓለምም ሰው መምጣቱን በሰውነቷ እንድታውቅ ጀርባዋን በበሩ ላይ አስደግፋ መዋል ጀመረች። ወደ ቤቴ ስመለስ የማንኳኳው ሳንቃውን ሳይሆን የሚስቴን ጀርባ ነው። ይህን ለአንድ ዳኛ መንገር ነውር ከሆነ ይቅርታ።

መላውን ያመጣችው ራሷ ባንቺዓለም ናት። ጤፊቱን ጎትታ አላወጣችም፤ አልተቆጣቻትም። እንዝርቷን ይዛ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጥጧን ትፈትል ጀመር። የቀሚሷንም ጫፍ ወደ ላይ አጥፋ ሰፋችው። ጤፊቱ መንቀጥቀጥ ስትተው ጥቂት ስፌት ፈታ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ስትደነግጥ መልሳ ትሰፋዋለች፤ ደግሞ ትፈታዋለች። ለውሻ ቀሚስ ሲሰፋ ይኸው አየን ብዬ በእጅ ምልክት ባፌዝባት፣ ከእንዝርቷ ቀና ብላ «አንተን ስትፈራ ጎትቼህ አውቃለሁ?» አለችኝ። የገና ጾም ሲገባ ቀሚሱ መሬት ነካ፤ ጤፊቱም አፍንጫዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ አሸተተችው።

አራተኛ፣ ልክ በዚህ ጊዜ ርኅራኄዎ ተነሥቶ እርቅ እንዲወርድ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። አለቃ ወልደ ሰንበት ሽማግሌዎቹን አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ተጣልተው የነበሩ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ካልተሳሳሙ እርቅ አይባልም፤ ስለዚህ ውሾቹም ይቅረቡ ተባለ። ዘበኛዎ ፋንታ ማን ደፍሮን በጆሮው ይዞ አስገባው፤ ባንቺዓለም ጤፊቱን ታቅፋ እንድትቆም ተደረገች። ማን ይቅርታ ይጠይቅ በሚለው ላይ ጥቂት ክርክር ሆኖ፣ የእርስዎ ውሻ አልበደለምና ይቅርታ ጠያቂዋ ጤፊቱ እንድትሆን ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ባለቤቴ ምን እንደ ተባለ አልሰማችም፤ እኔም ልተረጉምላት አልደፈርኩም። ማን ደፍሮ ለመሳም ቀረበና ከጉሮሮው አንድ ነገር ተናገረ። ጤፊቱ የአለቃን ካባ አርጥባ፣ ከባንቺዓለም ደረት ዘላ፣ ወደ አልጋው ሥር ተመለሰች። አለቃ ካባቸውን እያራገፉ እርቁ መጽናቱን አበሠሩ፤ ጠላችንም አለቀ። ያ ሁሉ ስፌት በአንድ ቀን ተመልሶ ተሰፋ።

አምስተኛ፣ ሞጣን እንድናይ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ጤፊቱን በቅርጫት አድርገን በጭነት መኪና ወደ ባንቺዓለም እኅት ወደ ንግስት ቤት ወሰድናት። እዚያም አልጋ አለና መጀመሪያ ከሥሩ ገባች፤ ባንቺዓለምም እንደ ገና መሬት ተቀምጣ መፈተል ያዘች። ገናን ውለን በሰነበትን ጊዜ፣ አንድ ማለዳ የንግስት ጎረቤት እሳት ልትጫር መጥታ ከደጅ ተጣራች። ጤፊቱ ከአልጋው ሥር ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ቀሚሱን ያዘች፤ ጎተተች። ባንቺዓለም እየተጎተተች ስታለቅስ፣ ጎረቤቲቱ መርዶ ያመጣች መስሏት ደነገጠች። ከዚያ በኋላማ በዶሮውም በአህያውም ስትጮኽ ዋለች።

ደስ ብሎን ተመለስን። ቢቸና መግቢያ ላይ መኪናው ሲቆም ጤፊቱ አየሩን አሸተተች፤ ወደ ቅርጫቱ ግርጌ ገብታ ተጠቀለለች። ሞጣ ከቢቸና በምን ይለያል ብዬ ብዙ አሰብኩ። አየሩ ያው ነው፤ ጠላው ትንሽ ይቀጥናል። ነገሩ የገባኝ በሞጣ ገበያ ያገኘሁት አንድ ሰው ትዝ ሲለኝ ነው። በችሎትዎ ምንም አላየሁም ካሉት ምስክሮች አንዱ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ አልነግርዎትም፤ ሁሉንም ይጠርጥሩ። ይህ ሰው ጨው እየተደራደረ ያን እሑድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መፋቂያዎን ሳይቀር፣ ነጋዴው ሁሉ እስኪሰማ ተረከልኝ። ቢቸና ስንመለስ ሰላምታዬን እንኳ በከንፈሩ ጫፍ ነው የመለሰልኝ። በሽታው አንድ ነው፤ አልጋው ብቻ ይለያያል።

ስድስተኛ ልል ነበር፤ ግን የሚቀጥለው ምስጋና ከነዚህ ጋር ተደርድሮ የሚቆጠር አይደለም። በጥምቀት ሰሞን ከደብረ ማርቆስ እኚያ የበላይዎ የሆኑት ትልቅ እንግዳ ወደ ቤትዎ በመጡ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከአጥር ሥር ቆሞ የሚያየውን አየ። ፋንታ ከጓዳ ሰንሰለት ይዞ ወጣ። የለችም የተባለችው ሰንሰለት፣ ያውም የምታምር። ሰንሰለት የማያውቀው ማን ደፍሮም፣ ገና ስትንኳኳ ሲሰማ፣ ቁርጥ የለመደ ሰው ሆኖ አንገቱን አዘነበለላት። ያን ጊዜ ጤፊቱ፣ ቤታችን ከደጅዎ ድምፅ የሚሰማበት ነውና፣ ከአልጋው ሥር ወጥታ በበሩ ስንጥቅ ቆመች፤ የሰንሰለቷን ድምፅ አዳመጠች፤ ዞር ብላ ባንቺዓለምን በቀሚሷ ይዛ ወደ ደጅ ጎተተቻት። በቢቸና፣ በራሳችን ደጅ፣ እንግዳ መጥቷል ልትላት። እንግዳው ሲሄዱ ሰንሰለቷ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጤፊቱም ወደ አልጋዋ።

እርስዎንም በዚያው ቀን አየሁዎት። ጋቢዎን አደግድገው ቆመዋል። እንግዳው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እርስዎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ቀልዳቸውን ሳይጨርሱት ሳቁላቸው፤ እጃቸውን ሲያነሡ ዓይንዎ ተጨፈነ። ይህን አካሄድ እኔ በቤቴ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ከእርስዎ የሚተልቁ ያስደነገጡዎ መሆኑ ልቤን ስለ ነካው፣ ባንቺዓለም ከአልጋችን አጠገብ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ እንደምታመቻችልዎ ላስታውቅ። ጥጧን ትፈትላለች፤ አትጎትትዎም፤ ቀሚሷንም እስኪለምዱት ድረስ አጥፋ ትሰፋለች። ልብ የሌለው ውሻ በዳነበት መድኃኒት ልብ ያለው ዳኛ ሳይድንበት አይቀርም።

የምለምንዎት አንዲት ነገር ናት። ፍርድ ይገልበጥ አላልኩም፤ ካሣም አልጠየቅሁም። ያቺ ሰንሰለት ለትልቅ ሰው እንደ ወጣች፣ ባለቤቴ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ብቻ ለትንሽ ሰውም ትውጣ። ዝጋ እንደ ሆነ ዘይት በእኔ። ስለዚህ ደብዳቤ ደግሞ «ዋስ ጥራ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ዋሴን አስቀድሜ ላስመዝግብ፤ ጤፊቱ ናት። የያዘችውን እንደማትለቅ እርስዎው በዓይንዎ ያዩላት ናት።

ከጃንጥላው ሥር፣ ቆሜ፣ በማኅተም ፈንታ የማን ደፍሮ ጥርስ ያረፈበትን የቀሚስ ቁራጭ አያይዤ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የባንቺዓለም ባል፣ የጤፊቱ ባለዕዳ
ኃይለ ጊዮርጊስ

ግልባጭ፦
ከደብረ ማርቆስ መጥተው ለነበሩት እንግዳ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲመጡልን፤
ለአለቃ ወልደ ሰንበት፣ ከአንድ ሳሙና ጋር፤
ለሞጣ ገበያ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ እንዲነበብ።

ማስታወሻ፦ ረቂቁን ለሙከራ ጠላ ቤት ውስጥ ሳነበው፣ መፋቂያዎ ላይ ስደርስ ያ ያልነገርኩዎ ምስክር ሳቀ። ሞጣ አይደለም ክቡር ሆይ፤ እዚሁ ቢቸና፣ ከደጅዎ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት፣ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። አንዱ ከአልጋው ሥር ወጥቷልና፣ ለሰንሰለቷ ይፍጠኑ።