አማቴ በባዶ እጃቸው የነቀሉት ቅንጨ አረም

ሐሙስ፣ መስከረም 15፤ መካነ ኢየሱስ

ዛሬ ክፉኛ ፈራሁ። ቅንጨ የሚሉት ባለ ነጭ አበባ አረም ከጓሮው አልፎ በበረንዳው ድንጋይ ስንጥቅ ሁሉ ወጥቷል። ክረምቱን ሙሉ ብነቅለውም አልጠፋልኝም። ከማስተምርበት ስመለስ አማቴ መሪጌታ ጎንበስ ብለው አበባ ያወጣውን አረም በባዶ እጃቸው ሲነቅሉ አገኘኋቸው።

«ኧረ አባ፣ ይተዉት! ይሄ አረም ሰው ይጎዳል» አልኳቸው።

«ደክመሽ ነው የምትገቢው፣ ልጄ። ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ክንዳቸው ቀላ፤ ዓይናቸው አብጦ ተከደነ። ከዚያ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ነርሷ በጭንብል መድኃኒት ስታስተነፍሳቸው እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ደግነቱ ሲመሽ ትንፋሻቸው ተመለሰና ወደ ቤት መጣን።

ነገ ባለቤቴ ጓንት አጥልቆ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ከነሥሩ ሊነቅለው ነው። አባ አሁንም ከክፍላቸው ያስላሉ። የአበባው ብናኝ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁላቸው። የጎረቤቶቻችን ጓሮም በዚሁ አበባ ነጭ ብሏል፤ ነፋሱ ደግሞ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው።