ሙቀጫው ዝም ካለ

ሐምሌ ፯ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ቡሬ። ከቀትር በኋላ።

ከጎረቤቴ ከየሻረግ ቤት ቡና ጠጥቼ መግባቴ ነው። አፌን በጨው አጠብሁት፤ አልለቀቀኝም። ወረቀቴ፣ ላንቺ ካልሆነ ለማን እናገራለሁ።

ፍንጃሉ አራት፣ እኛ ሰባት። አንዷ የጠጣችበት ከገበታው ውኃ ጥልቅ ይላል፣ ይወጣል፣ ለሌላዋ ይቀዳል። ውኃው መጀመሪያ ቡና ይመስላል፣ ኋላ ጭቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍም። እማማ ስንዱ ከፍንጃሉ ከንፈር ላይ የታኘከ ቆሎ ትተው አቀበሉኝ። ቡናው ራሱ ገብስ ይበዛዋል። ጠጣሁ። የጎረቤት ፍንጃል አይመለስም።

ተስቦው ከገበያው ወዲህ ተሻግሯል። ጣልያኖቹ በሽተኛ ያገኙ እንደሆን ሰውየውን ከወንዝ ማዶ ካለው ዳስ ያስገባሉ፣ ቤቱን ያቃጥላሉ። ከዳሱ በእግሩ የተመለሰ አላየንም። ስለዚህ በሰፈራችን የታመመ ሰው የለም። ሁሉ ጤነኛ። ጤናም የሚታወቀው በቡና ነው፤ ተራው ደርሶ ያልጠራ ቤት ይታማል። ጣልያኖቹ የሾሙት የሰፈራችን ሹም አሽከር በየአጥሩ ሥር ጆሮውን ጥሎ ይዞራል። ሙቀጫ ከሰማ ያልፋል።

ሐምሌ ፱። ዝናብ።

የነፍስ አባቴ መጡ። ቡና ስለጠጣሁ ስንት ስግደት የጫኑብኝ ሰው፣ ዛሬ ከሹሙ ቤት ሻሂ ጠጥተው ነው የመጡት። መድኃኒት ነው አሉ። ፈረንጆቹን ተስቦ የማይደፍራቸው በሻሂ ነው አሉ። እንግዲያው አባቴ፣ ስግደቱን ለሻሂም ያካፍሉት አልኋቸው። “አንቺ ዝም ስትይ ነው የምታምሪው” ብለው ሳቁ። በጢማቸው ላይ ስኳር።

ቅጠሉን አውቀዋለሁ። ወታደሮቹ ቀቅለው የደፉትን የሹሙ ሚስት ታስለቅምና በስልቻ ላይ ታሰጣዋለች። ዝንብ ወርሶት አይቼዋለሁ። ይኸን ነው ከነፍሳቸው የሚያስታርቁት። ቱፍ።

ሐምሌ ፲፪፣ ቅ/ሚካኤል። ማታ።

በተራ ልጻፈው።

የየሻረግ ባል አያ ደስታ ለእህል አዴት ሄደ ተብለን ነበር። ዛሬ ከቤታቸው ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ የማለቅለቂያው ውኃ አንገሸገሸኝ። ልቀይረው ብዬ ገበታውን ይዤ ተነሣሁ። ከጓዳ ገባሁ። አያ ደስታ ተጋድሟል። ዓይኑ ደም፣ ደረቱ ሽፍ ያለ፤ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራል። የለበሰው ጋቢ ላይ ቅማሉ ይርመሰመሳል።

ተመለስሁ። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። ልጄ ጥሩነሽ ወልዳ ከኔ ዘንድ ናት፤ እሷም አለች። ሕፃኑ ተኝቷል። የተኛበትን አየሁ። የዚያው የአያ ደስታ ሌላው ጋቢ፣ እንዲለሰልስለት ተብሎ ታጥፎ። አፈፍ አድርጌ አነሣሁት። ጥሩነሽ ተቆጣች። ጡት ፈልጎ ነው አልሁ።

የሻረግ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሦስተኛውን ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት፤ ለምን እንደጠጣሁት አላውቅም። ከቤቴ ጓሮ አስመለስሁ። የሕፃኑን ጨርቅ ሁሉ በፈላ ውኃ ቀቀልሁ።

ሐምሌ ፲፫።

የሻረግ በጓሮ መጣች። ከእግሬ ወደቀች። “እትዬ፣ ዳስ ከገባ ሞተ። ሙቀጫዬ ዝም ካለ ዳስ ገባ።” ብቻሽን ውቀጪ፣ ሰው አትጥሪ አልኋት። የሹሙ ሚስት ማን ማን መጣ ብላ ትጠይቃለች አለች። እውነቷን ነው።

አዘንሁላት። ተጸየፍኋትም። የእኔን የልጅ ልጅ ከቅማሏ ላይ አስተኝታ “ጨው ልጨምርልሽ?” ትለኝ ነበር። ሁለቱ ስሜት ባንድ ሆድ አያድሩም ይላሉ። ያድራሉ።

ሐምሌ ፲፭።

ጥሩነሽን ማንኩሳ ከአማቷ ዘንድ ሰደድኋት። በበቅሎ፣ በዚህ ጭቃ። ምክንያቱን አልነገርኋትም፤ ሆዷ ነገር አይችልም። አኮረፈች። አራስ ልጇን በዝናብ የምታባርር እናት እንዳንቺ አላየሁም አለች። ሳትስመኝ ሄደች። ሕፃኑ ትኩሳት የለውም። ግንባሩን በከንፈሬ ለካሁት።

እማማ ስንዱ ራሴን አሉ። ተከናንበው ግን ቡና ጠጡ። ባልመጣ ምን ይሉኛል አሉ።

ሐምሌ ፲፯። ጠዋት።

አላንቀላፋሁም። ለአንዷ ብናገር ለሁሉም ይደርሳል፤ ከሁሉም ለሹሙ። አያ ደስታ ዳስ ይገባል። ዝም ብል ሴቶቹ እየዞሩ ከዚያ ጋቢ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ገበታ ይጠጣሉ። ከእነሱም ብርቄ እርጉዝ ናት።

አንድ ነገር አሰብሁ። አንድ ቤት ዝም ካለ ይታወቃል። ሁሉ ቤት ዝም ካለ የማንን ዝምታ ያውቁታል? የነገው ተራ የኔ ነው። እኔ ከሁሉም ቤት ጠጥቻለሁ። ታመመች ከተባልሁ አብራኝ የጠጣች ሁሉ በሯን ትዘጋለች። ቡና የሚጠራ አይኖርም። የየሻረግም ቤት ከሌላው አይለይም።

ጣልያኖቹ የሚመጡት ወደኔ ነው። ደረቴን ያያሉ፤ ንጹሕ ነው። አይተው ያምኑ እንደሆን እንጃ። ባያምኑም የሚያቃጥሉት የሣር ቤት ነው፣ ልጄ ማንኩሳ ናት። ዳሱን ግን እፈራለሁ። ሰው በሰው ላይ የሚተኛበት ነው ይላሉ። ውኃውስ እንዴት ያለ ይሆን።

በዚያው ቀን። ከቀትር በኋላ።

ከብርቄ ቤት ቡና ተጠራሁ። ሄድሁ፤ ከደጅ ቆምሁ። ሁሉም አሉ፤ የሻረግም። ግቢ እንጂ፣ በረደብሽ አሉኝ። እማማ ስንዱ ከከንፈራቸው ያነሡትን ፍንጃል ዘረጉልኝ። “እንቺ፣ ልጅሽን አባረሽ የከፋሽ፣ ይኸ ያሞቅሻል” አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

አልተቀበልሁም። ታምሜያለሁ አልሁ። ቀስ ብዬ ነበርና አልሰሙም። ደግሜ ጮህሁ፤ መንገደኛ እስኪዞር። ተስቦ ይዞኛል፣ ነገ ቡና የለም፣ በቤቴ በኩል አትለፉ። በዕድሜዬ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

የሻረግ ነጠላዋን ካፏ ላይ አደረገች። ብርቄ ጀበናውን አንሥታ ከነቡናው ከደጅ ደፋችው። አንድ አንድ እያሉ በጎኔ ሸሽተው ወጡ፣ ሳይነኩኝ።

ከቤቴ ተቀምጬ እሰማለሁ። የእማማ ስንዱ በር ተዘጋ። የሻረግም ዘጋች። ከታች የሌላዋም ተዘጋ። አሁን ከየትም ቤት ሙቀጫ አይሰማም።