አቶ ዋልተር ኪንሎክ ያልቆረጡት ቦይ

መላው ባልክሬይ «ዋቲ» እያለ የሚጠራቸው አቶ ዋልተር ኪንሎክ፣ ከአባታቸው ከአቶ ጄምስ ኪንሎክና ከእናታቸው ከወይዘሮ አግነስ ሜልድረም፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1941 በፋይፍ ጠረፍ፣ ከባልክሬይ ወደብ በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው የጎልፍ ሜዳውን ሣር ይንከባከቡ ነበር፤ እናታቸው ዓሣ ማጨሻ ቤት ይሠሩ ነበር። ቤቱ የታጨደ ሣርና የሄሪንግ ዓሣ ጢስ ይሸት እንደነበር አቶ ዋልተር ሲያወሩ ፈገግ ይሉ ነበር። ፊታቸውን የሚያጨፈግጋቸው ሌላ ሽታ ነው፤ ብረት ላይ ከርሞ የበሰበሰ ጭቃ።

በተወለዱበት ከተማ እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ከተማሩ በኋላ፣ በ1957 ከጎልፍ ክለቡ ሕንፃ ጀርባ ባለው ወርክሾፕ ለዱላ ሠሪው ለአቶ ሄክተር ዱጊድ በተለማማጅነት ገቡ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያሳለፉት የሰው የጎልፍ ዱላ በማጠብ ነው። አንድ ቀን አዛውንቱ ዱጊድ ጭቃና የሞተ ትል የተጋገረበት ብረት አንስተው፦

«የማን ነው ይሄ?» አሏቸው።

«የሐኪሙ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲህ በዚሁ እጁ ነው ምላስህን አውጣ የሚልህ።»

አቶ ዋልተር ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐኪም ፊት አፋቸውን የሚከፍቱት እጁን ካዩ በኋላ ነበር። ባለፈው ኦክቶበር ሆስፒታል ሲገቡም አልተዉትም።

ለቀብራቸው ከግላስጎና ከካናዳ የመጣችሁ ዘመዶች ሥራቸውን እንድትረዱት ጥቂት ማለት ይገባል። ዌጅ የሚባለው ኳሷን ከአሸዋ ጉድጓድ ወይም ቀዳዳውን ከሚያመለክተው ባንዲራ አቅራቢያ ካለ ሣር ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመ አጭር የጎልፍ ብረት ነው። ፊቱ ላይ በአግድም የተቆረጡ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። ኳሷን ቆንጥጠው የሚያሾሯት፣ ስታርፍም ቶሎ እንድትቆም የሚያደርጓት እነዚያ ቦዮች ናቸው። አሸዋ በየቀኑ ይሞርዳቸዋል፤ ጭቃ ሲሞላቸው ደግሞ እንደሌሉ ይሆናሉ። በዚያ ላይ የእኛ የባሕር ዳር መሬት ደረቅ ስለሆነ የብረቱ ሆድ ወፍራም ከሆነ መሬት መትቶ ይነጥራል። አቶ ዋልተር ያንን ሆድ በመሳያ ድንጋይ እያሳሱ፣ በተለይ ተረከዙን፣ ለእያንዳንዱ ሰው እጅ ያስማሙት ነበር። ከደንዲ ከተማ ድረስ ሰው ይመጣባቸው ነበር።

እንክብካቤውን ያስተማሩት ያለመታከት ነው፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። ሞቅ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ። በቃ። የሽቦ ብሩሽ ይዞ የመጣ ሰው ከደጃፍ ይመለሳል። ብረቱ ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ በሱሪው የሚጠርገውን ሲያዩ ምሳ አይበሉም ነበር፤ ይህ የንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ ባለቤታቸው ሳህኑን እንዳለ መልሰው ያነሡ ነበር። በሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚከርመውን እርጥብ ፎጣ ደግሞ «የሚያድር ሽንት ጨርቅ» ይሉት ነበር። ቦዩ ማለቁን የሚያውቁት በጥፍራቸው ነው። አውራ ጣታቸውን ያስኬዱና ጥፍራቸው ካልያዘ «ይሄ አልቋል፤ አመስግነህ ተሰናበተው» ይላሉ። ያለቀ ቦይ ደግመው አይቆርጡም ነበር። ያለቀውን እንደገና የሚቆርጥ ሰው ስፋቱን ከጨዋታው ሕግ ማሳለፉ አይቀርም፤ የዌጁን ዕድሜ ደግሞ መስረቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሴቶችን ያለ ዋጋ አስተማሩ። «እግርሽን አጥብቢ። ክብደትሽን የፊት እግርሽ ላይ ጣይ። እጅሽ ከብረቱ ይቅደም። ኳሷን አንሥቼ ልስጥሽ ብለሽ አትጎንበሺላት፤ ብረቱ ያነሣታል፣ ለዚህ ነው የተጋደመው።» በአሸዋ ላይ ደግሞ ኳሷን ትተው ከኋላዋ ሁለት ጣት የሚያህል ርቀው አሸዋውን እንዲመቱ፣ መትተውም እንዳይቆሙ ይመክሯቸው ነበር። ዛሬ እዚህ ያሉት ወይዘሮ ኤፊ ላንግ በመጀመሪያው ቀናቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ጮኹ፦

«ዋቲ! አሸዋው ጫማዬ ውስጥ ገባ!»

«ኳሷስ?»

«እሷም እዚሁ ናት!»

«በሉ እንግዲህ፣ ቢያንስ አልተለያያችሁም።»

በጁን 1966 በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ከወይዘሮ ኢሶቤል ዳው ጋር ተጋብተው ሞራግንና አላስዴርን ወለዱ። ወይዘሮ ኢሶቤል ባለቤታቸው ከወርክሾፕ ሲመጡ ሦስት ጊዜ ሳይታጠቡ ዳቦ አያስነኳቸውም ነበር። አቶ ዋልተርም «ከእኔ የባሰች አገኘሁ» እያሉ ይኮሩ ነበር።

አሁን ወደ 2011 እንመጣለን። ቤተሰቡ ይህን ክፍል በዝምታ ማለፍ ይችል ነበር፤ ብዙዎቻችሁም እንደምናልፈው ጠብቃችኋል። አናልፈውም።

በዚያ ዓመት በሜይ ወር፣ የክለቡ ካፒቴን የነበሩት አቶ ራናልድ ስትራንግ ያለቀ ዌጃቸውን ይዘው ወርክሾፕ መጡ።

«ዋቲ፣ ቦዩን ጠለቅ፣ ሰፋ አድርግልኝ እስቲ። ኦገስት ላይ ከጎረቤት ክለብ ጋር የወደብ ዋንጫ አለ።»

«ይሄ አልቋል ካፒቴን። አዲስ ይግዙ።»

«አዲስ እጄ አይለምደውም። ማን ያያል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

አቶ ዋልተር ዌጁን አጥበው፣ አድርቀው፣ በስስ ዘይት አብሰው መለሱላቸው። ከዚያ በቀር ምንም አላደረጉም። በኦገስት አቶ ስትራንግ ዋንጫውን አሸነፉ፤ ተሸናፊው ክለብም ብረቱ ይለካ አለ። ሲለካ ቦዮቹ ከሕግ በላይ ሰፍተው ተገኙ። አቶ ስትራንግ «ለዋቲ ነው የሰጠሁት፤ ከእሱ እጅ ነው የተቀበልኩት» አሉ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ተደምሮ ግን ውሸት ሆነ። ከተራ ውሸት ይልቅ ይህ ዓይነቱ ያንገሸግሻል፤ ልክ ላዩ ተወልውሎ ውስጡ እንደሸተተ ድስት።

ሰባት የኮሚቴ አባላት አቶ ዋልተርን ጠርተው ዌጁን ጠረጴዛ ላይ አኖሩላቸው። ቦዮቹ እንደ ሰካራም መንገድ ይጠማዘዙ ነበር። መሣሪያው እያመለጠ ፊቱን ሙሉ ቧጭሮታል፤ ጠርዙ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ሳይነሣ ቀርቷል። አቶ ዋልተር በጥፍራቸው ነክተው፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉና፦

«ይሄን... ይሄን ነው የኔ ሥራ የምትሉት?» አሉ።

ሊቀ መንበሩ «አዎ ወይም አይደለም ይበሉ እንጂ» ቢሏቸው ሌላ ቃል ሳይመልሱ ወጡ። ውጭ ከግንቡ ሥር አስመለሳቸው። ኮሚቴው ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። የሃምሳ አራት ዓመት የወርክሾፕ ቁልፋቸው ተወሰደ። በኮሚቴው ውስጥ ከእነዚህ አዋቂ ተጫዋቾች አንዱ እንኳ የሰውየውን የግማሽ ምዕት ዓመት ሥራ ከራሱ ሻንጣ አውጥቶ ከዚያ ዌጅ ጎን አላስተያየውም። ቦዩን ለኩ፤ ሥራውን ግን አላዩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ያደረገው ከተማው ነው። ወይዘሮ ኢሶቤል ዓሣ መሸጫው ሲገቡ ወሬ ይቋረጥ ነበር። አንዲት ሴት «ለመሆኑ ዋቲ ስንት ሰው አታልሏል?» ብላ ሌላዋን ስትጠይቅ በጆሯቸው ሰምተው፣ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ለመግዛት አውቶቡስ ተሳፍረው ሌላ ከተማ ይሄዱ ነበር። በማርች 2016 የባለቤታቸው ስም ሳይጸዳ ዐረፉ። ይህ መመለሻ የለውም።

አቶ ዋልተር ከዚህች ቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። ከግራ በኩል፣ አራተኛው ወንበር። አቶ ስትራንግ የደብሩ ሽማግሌ እንደመሆናቸው፣ በቁርባን ቀን ጽዋውን እስከዚያ ወንበር የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። አቶ ዋልተር ለአሥራ ሁለት ዓመት ጽዋውን ከዚያ እጅ ተቀበሉ። ልጃቸው ሞራግ በንዴት «እንዴት ይወርድልሃል አባዬ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ጽዋው የእሱ አይደለም። እጁን ግን ላለማየት ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሏት። እኛም ለጸሎት የሚጨፍኑ ይመስለን ነበር።

በኦክቶበር 2023 የሳንባ ሕመም አስተኛቸው። በተከታዩ ጃንዋሪ ሃያ ሁለት ቀን፣ በ2011 የኮሚቴው ጸሐፊ የነበሩትና የስንብቱን ደብዳቤ በእጃቸው የጻፉት አቶ ቶማስ ፔትሪ አልጋቸው አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«ዋቲ፣ ስትራንግ ነው የቆረጠው። ጋራዡ ውስጥ። መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

አቶ ዋልተር ፊታቸውን ወደ አቶ ፔትሪ መለሱ። ከዚያ፦

«መብራት ነበረው?»

«ነበረው።»

«መብራት እያለው ነው እንደዚያ የቆረጠው?»

አቶ ፔትሪ አለቀሱ። አቶ ዋልተር ግን ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየታገሉ፦ «ስማኝ ቶም። አታላይ ብላችሁኛል፤ እሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ያንን የተጨማለቀ ነገር የኔ እጅ ሠራው ብላችሁ ማመናችሁ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው። ኢሶቤል እንኳ ልትሞት ስትል ‹ቦዩ ያን ያህል አስቀያሚ ነበር እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ከመሞቷ በፊት ነበር መምጣት የነበረብህ።»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። ይሄንኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ።»

አቶ ፔትሪ ቃላቸውን በጽሑፍ ፈርመው ሰጥተውናል፤ ዛሬም ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ በምስክርነት እንዲነሡ ጠይቀናቸዋል። ቄሳችን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብበው ፈቅደዋል። ለአቶ ስትራንግም ረቡዕ ዕለት አንድ ቅጂ ደርሷቸዋል፤ ከጀርባቸው የተባለ ነገር የለም።

አቶ ስትራንግ በበኩላቸው፣ የሞቱ ዜና በተሰማ በማግሥቱ፣ ያንኑ ዌጅ ብር አስለብጠው በሣጥን ላኩልን፤ አስከሬኑ ላይ እንዲቀመጥ፣ «ለረጅም አገልግሎት» ተብሎ። ብሩ ቦዮቹን ደፍኗቸዋል። ሞራግ ሣጥኑን ከከፈተችበት ፍጥነት በላይ ዘጋችው፤ በዚያው ቀን ተመልሷል። ከሣጥኑ ጋር ባለው ደብዳቤ አቶ ስትራንግ ሬሳውን ወደ መቃብር ከሚያወርዱት ገመዶች አንዱን እንዲይዙ ይፈቀድላቸው ዘንድ ጠይቀው ነበር። ይህን ግን የሚመልሰው ቤተሰቡ አልነበረም፤ አቶ ዋልተር ራሳቸው ቀድመው መልሰውታል።

በፌብሩዋሪ ሦስት ቀን የስምንቱ ገመዶች ያዦች ስም የሚጻፍባቸውን ካርዶች አልጋቸው ላይ ዘርግተው አስጻፉ። አንደኛው፣ በራስጌ፣ ለአላስዴር። ሁለተኛው ለሞራግ። ሦስተኛውና አራተኛው ለልጅ ልጆቻቸው ለጄሚና ለኬርስቲ። አምስተኛው ለሞራግ ባለቤት፣ ይህን ለጻፈው። ስድስተኛው ለወይዘሮ ኤፊ ላንግ፤ «ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፣ አብሬህ እወድቃለሁ» ቢሏቸውም። ሰባተኛው ለአቶ ፔትሪ።

«ስምንተኛውስ አባዬ?» አለች ሞራግ።

«ባዶ ተይው። ስትራንግ ይፈልገዋል፣ ታያለሽ።»

«ለእሱማ አንሰጥም!»

«መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ ‹እኔ ነኝ የቆረጥኩት› ካለ ስጪው። ካላለ ያ እጅ እኔን አያወርደኝም። የቀብር አስፈጻሚው ሠራተኛ ይያዘው፤ ቢያንስ ታጥቦ ይመጣል።»

አቶ ዋልተር ኪንሎክ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024፣ ዓርብ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት በቤታቸው ዐርፈዋል። ሁለት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል፤ በዚህ ጠረፍም በእጃቸው የተሳሉ ከሺህ የማያንሱ ዌጆች አሉ። የያዛችሁት፣ ቤታችሁ ስትገቡ አውጥታችሁ እዩት።

ዛሬ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ የገመዶቹ ዝርዝር ታትሟል። ከስምንተኛው ቁጥር ፊት ያለው ቦታ በማተሚያ ቤቱ ስሕተት የተተወ አይደለም። ከዚህ በር እስከ መቃብሩ ሁለት መቶ ያህል እርምጃ ነው፤ በሽማግሌ አካሄድ ጥቂት ይበልጣል። አቶ ስትራንግ፣ ያ ሁሉ መንገድ የእርስዎ ነው።

የደከመውን እጅ የሚያሳርፍ አምላክ የአቶ ዋልተርን ነፍስ ከወይዘሮ ኢሶቤል አጠገብ ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ መንገድ ለቀረንም እስክንደርስ ድረስ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።