ከሞተች አይጥ ጋር ስለተመዘገበው የአምስት ሰዓት ወዳጅነት

ለተከበሩ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ለዶክተር ፊሊጶስ
ጎፋ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሰው ሁሉ አብልጠው ለሚያምኑት ካሜራ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ጥፋቴን የሠራሁት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስለሆነ ንስሐዬም እዚያው ይሁን ብዬ ነው።

፩ኛ. ከአይጦቹ ሳጥን በላይ ስላሰቀሉልን ካሜራ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኮምፒውተሩ በየአይጧ ጀርባ ላይ ባለቀለም ነጥብ እያደረገ ይከታተላል፤ ሁለት ነጥቦች ተጠጋግተው የቆዩበትን ደቂቃ ሁሉ «ወዳጅነት» ብሎ ይመዘግባል። ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ቁጥር ሰባት ከቁጥር አራት ጎን አምስት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃነቅ በመዋሏ እስከዛሬ ካየነው ሁሉ የሚበልጥ ወዳጅነት ተመዝግቦልናል፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ አስጨብጭበውልናል። ቁጥር አራት ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሞታ ነበር።

፪ኛ. አይጦቹን ዘጠኝ ዓመት በዓይናቸው እያዩ በደብተር ሲመዘግቡ የኖሩት ወ/ሮ ከድጃ በዚያ ቀን «አራት ሞታለች፤ ሰባት አጠገቧ ተኝታለች» ብለው ጽፈዋል። ደብተሩና ኮምፒውተሩ አልስማማ ሲሉ ለምስክርነት እኔን በማስጠራትዎ ከፍ ያለ ክብር ተሰምቶኛል። የሞተችውን በእጄ ያወጣኋት እኔ ነበርኩ። ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ግን ኮምፒውተሩ አይሳሳትም ብዬ መሰከርኩ። ወ/ሮ ከድጃ አንድ ጊዜ አዩኝና ደብተራቸውን ዘጉ።

፫ኛ. እሳቸውን «በቸልተኝነት» አሰናብተው ቦታቸውን ለእኔ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ወንበራቸው በጣም ምቹ ነው ይባላል። እኔ ቆሜ ነው የምሠራው።

ስለዚህ ወ/ሮ ከድጃ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ አምስቱ ሰዓት ከሪፖርቱ እንዲሰረዝ፣ በእሳቸው ፋይል የገባው የስንብት ደብዳቤም ስሙ ብቻ ተቀይሮ በእኔ ፋይል እንዲገባ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ላሳዩኝ እምነት ፈጽሞ የማልበቃ ታዛዥዎ፣
ሲራክ እንግዳ
የቤተ ሙከራ ረዳት

ማሳሰቢያ፦ ቦታ ይይዛል አጥፋው ብለው ያዘዙኝን የዚያን ቀን ቪዲዮ ሳላጠፋው ቀርቻለሁ፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በስንብታቸው ላይ ለመሠረቱት ክስ ማስረጃ እንዲሆናቸው ትናንት ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ወ/ሮ ከድጃ ቤት ድረስ ሄጄ በፍላሽ ሰጥቻቸዋለሁ። ከዚህ በፊት ደጃቸው ደርሼ ምሳ ሳልበላ ተመልሼ አላውቅም ነበር። ትናንት በሩ ላይ ቆመው ፍላሹን ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፤ ግባ ግን አላሉኝም።